የናቫሆ የበቆሎ ወጥ፦ የምግብ ይዘቱ ሳይባክን እንዴት ይሠራል?

በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ፣ በአሪዞና፣ በኒው ሜክሲኮና በዩታ ግዛቶች በተዘረጋው ምድራቸው የሚኖሩት ናቫሆዎች ራሳቸውን «ዲኔ» ብለው ይጠራሉ፤ «ሕዝቡ» ማለት ነው። በቆሎን ከበግ ሥጋ ጋር በዝግታ ቀቅለው የሚሠሩት ምግብ ከገበታቸው የማይለይ የቆየ ምግባቸው ነው። ወጥ ስል ሽንኩርት ተቁላልቶ በርበሬ የገባበትን፣ በእንጀራ የሚበላውን ዓይነት ማለቴ አይደለም፤ ፍሬው ከነመረቁ በጎድጓዳ ሳህን ቀርቦ በማንኪያ የሚበላ፣ ከሾርባ ወፈር ከንፍሮ ቀጠን ያለ ምግብ ነው። ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ በቆሎና ቦሎቄ አንድ ላይ ቀቅሎ ያደገ ሰው ከመጀመሪያው ማንኪያ ጀምሮ የሚያውቀው ነገር ያገኝበታል።

ስለዚህ ወጥ የምግብ ይዘት ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ የካሎሪና የፕሮቲን ቁጥር ነው። ቁጥሩ ያስፈልጋል፣ ወደ ታችም እሰጣለሁ፤ ነገር ግን የወጡ ዋጋ ያለው በበቆሎው ውስጥ ብቻ ሳይሆን በቆሎው በሚዘጋጅበት መንገድ ውስጥ ነው። ያው አንድ ኪሎ በቆሎ በአንድ አሠራር ሙሉ ምግብ ሲሆን በሌላ አሠራር ሆድ ከመሙላት ብዙም አያልፍም። ስለዚህ የአሠራሩን ደረጃ ከምክንያቱ ጋር አያይዤ አቀርባለሁ።

በቆሎውን መምረጥ

ዲኔዎች ለዚህ ወጥ በብዛት የሚጠቀሙበት «ኔሽጂዢ» የሚባለውን በእንፋሎት በስሎ የደረቀ በቆሎ ነው። አሠራሩ ጊዜና ጉልበት ይጠይቃል። ጉድጓድ ተቆፍሮ እሳት ይነድድበታል፤ ግድግዳው በደንብ ሲግል ፍሙ ይወጣና እሸቱ ከነሽፋኑ ይደረደርበታል፤ ከዚያም ጉድጓዱ በአፈር ተደፍኖ ያድራል። ጠዋት ሲከፈት በራሱ እንፋሎት የበሰለው እሸት ጭስ ጭስ እየሸተተ ይወጣል፤ ከዚያ ከቆረቆንዳው ተፈልፍሎ ወይም ከነቆረቆንዳው ፀሐይ ላይ ይደርቃል። የደረቀው ፍሬ የተሸበሸበ፣ ቡናማ ወርቅ የመሰለ ነው፤ ሲነክሱት እንደ ጠጠር ይጠነክራል፤ በተቀቀለ ጊዜ ግን እንደገና ያብጥና ጣፋጭ፣ ጭስ የነካው ጣዕም ይሰጣል። ኔሽጂዢ ያላገኘ ሰው በኒው ሜክሲኮ «ቺኮስ» በሚል ስም የሚሸጠውን ሊጠቀም ይችላል፤ እሱም በእሸትነቱ በምድጃ በስሎ የደረቀ በመሆኑ በጣም ይቀራረባል።

ሁለተኛው ምርጫ በአመድ ወይም በኖራ ተቀቅሎ ገለፈቱ የተነሣለት ነጭ በቆሎ ነው። በአሜሪካ የሜክሲኮ ሸቀጥ በሚሸጥባቸው ሱቆች ደረቁን «ለፖዞሌ የሚሆን በቆሎ» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያገኘዋል (ፖዞሌ የሜክሲኮ የበቆሎ ሾርባ ነው)፤ በጣሳ የታሸገውም አለ። የታሸገው ጊዜ ይቆጥባል፣ ጨዉ ግን ብዙ ስለሆነ ውኃውን ደፍቶ በማጥለያ ላይ ደጋግሞ ማጠብ ያስፈልጋል። ለመቀቀያ ተብሎ የሚሸጠውን ለስላሳ ጣፋጭ በቆሎ ለዚህ ወጥ አልመክርም፤ ውኃና ስኳር የበዛበት ነው፣ ለረጅም ሰዓት ሲቀቀልም ይፈርሳል።

ደረቅ በቆሎ በ100 ግራም ወደ 365 ኪሎ ካሎሪ፣ 9 ግራም ፕሮቲን፣ 7 ግራም አሰር (ፋይበር) እና 127 ሚሊ ግራም ያህል ማግኒዥየም ይሰጣል። ይህ ለአንድ እህል መጥፎ አይደለም። ሆኖም የበቆሎ ፕሮቲን ጎዶሎ ነው፤ ሰውነታችን ራሱ መሥራት የማይችላቸው ላይሲንና ትሪፕቶፋን የተባሉት የፕሮቲን መገንቢያዎች በውስጡ አነስተኛ ናቸው። ሌላው ችግር ከዚህ የባሰ ነው፤ ኒያሲን የሚባለው የቢ ቫይታሚን በደረቅ በቆሎ ውስጥ ቢኖርም ከሌላ ነገር ጋር ተቆራኝቶ ስለሚገኝ አንጀታችን ሊፈታው አይችልም። በእሸትነቱ በሚቀጠፈው በቆሎ ውስጥ ይህ ትስስር ገና አልጠነከረም፤ ኔሽጂዢ በዚህ በኩል ማሳ ላይ ከደረቀው በቆሎ የተሻለ ነው።

አመዱ የሚሠራው ሥራ

የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች በቆሎን በአመድ ወይም በኖራ ውኃ መቀቀል የጀመሩት ሳይንስ ስለ ቫይታሚን አንዳች ከማወቁ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው። አመዱ ውኃውን ያመርረዋል፤ በኬሚስትሪ ቋንቋ አልካላይን ያደርገዋል፤ ይህ ውኃ ገለፈቱን ከማላቀቁም በላይ የታሰረውን ኒያሲን ይፈታል። በቆሎ ባሕር ተሻግሮ ወደ አውሮፓ ሲሄድ እህሉ ተወስዶ ጥበቡ ቀረ። ውጤቱ ፔላግራ ሆነ፤ ቆዳን የሚያቆስል፣ ተቅማጥ የሚያመጣ፣ አእምሮን የሚያውክ፣ በመጨረሻም የሚገድል በሽታ ነው። በስፔንና በጣሊያን ድሆች ላይ ከታየ በኋላ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ብዙ ሕዝብ ፈጀ። ሐኪሙ ጆሴፍ ጎልድበርገር ከ1914 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባደረገው ምርምር በሽታው ተላላፊ ሳይሆን ከአመጋገብ የሚመጣ መሆኑን አሳየ፤ ኒያሲን መድኃኒቱ መሆኑ የታወቀው ግን በ1937 ነው። ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር በዲኔ እናቶች እጅ ያለው አንድ እፍኝ አመድ ምን ያህል ሕይወት እንዳተረፈ ይታየኛል።

ዲኔዎች የሚጠቀሙት «ጋድ» የሚሉትን ዛፍ ነው፤ የእኛ ጥድ የቅርብ ዘመድ ነው። ቅጠል ያለበትን ለምለም ጫፍ በንጹሕ ቦታ ያቃጥሉና ነጣ ያለውን ረቂቅ አመድ በወንፊት ይነፋሉ። ከሰማያዊ በቆሎ ዱቄት በሚሠሩት ገንፎና ቂጣ ውስጥ ይህ አመድ አብሮ ስለሚበላ ትልቅ የካልሲየም ምንጭ ሆኗል፤ የተደረጉ ምርመራዎች አንድ ግራም የዚህ ዛፍ አመድ 300 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም እንደሚይዝ አሳይተዋል፤ ይህም ከአንድ ብርጭቆ ወተት ጋር የሚቀራረብ ነው። ወተት ሆዳቸውን ለሚነፋቸው ጎልማሶች፣ ከአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦችም ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በወጡ ላይ ግን ጥንቃቄ ያለው አነጋገር ያስፈልጋል፦ ለወጥ የሚቀቀለው በቆሎ ከአመዱ ውኃ ወጥቶ ስለሚታጠብ በፍሬው ውስጥ የሚቀረው የካልሲየሙ ከፊል ነው።

አመዱን ማንም ሰው ካገኘው እንጨት ያዘጋጀዋል ማለት አይደለም። ቀለም የተቀባ ወይም ኬሚካል የነካው ጣውላ አመድ መርዝ ነው፤ የሸክላ ማንደጃ ከሰልም አይሆንም። በናቫሆ ምድር ላይ ከ1944 እስከ 1986 በተካሄደው የዩራኒየም ማዕድን ቁፋሮ ምክንያት ከ500 በላይ የተተዉ ጉድጓዶች ስላሉ፣ እዚያም ቢሆን ቅጠሉ ከየት እንደተሰበሰበ ማወቅ የግድ ነው። በአገራችን ጥድ አመድ መተካትንም አልመክርም፤ ዝምድናው አለ ማለት ለምግብነት ተመርምሯል ማለት አይደለም። ከታወቀ እጅ የተገኘ አመድ የሌለው ሰው ለምግብ ተብሎ የሚሸጠውን ኖራ ይጠቀም፤ በሜክሲኮ ሱቆች «ካል» በሚል ስም ይገኛል። የግንባታ ኖራ ፈጽሞ ለዚህ አይሆንም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 300 ግራም ደረቅ ነጭ በቆሎ ይለቅሙና ይጠቡ። በማይዝግ ብረት ወይም በኢናሜል ድስት 2 ሊትር ውኃ ያፍሉ፤ የአሉሚኒየም ድስት ከአመዱም ከኖራውም ጋር ስለሚዋሐድ አይጠቀሙ። ኖራ ከሆነ ከበቆሎው ክብደት ከመቶ 1 እስከ 2፣ ማለትም ከ3 እስከ 6 ግራም፣ በጥቂት ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጠው ይጨምሩ፤ ዱቄቱ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ይጠንቀቁ። በቆሎውን ጨምረው ከ30 እስከ 45 ደቂቃ በዝግታ ያንተክትኩትና እሳቱን አጥፍተው ከነውኃው ያሳድሩት። ጠዋት አንድ ፍሬ አንሥተው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ሲያሹት ገለፈቱ እንደ ልሃጭ አዳልጦ፣ ቢጫ ሆኖ ጣትዎ ላይ መቅረት አለበት፤ ከሥሩ የሚወጣው ፍሬ ነጭና ልስልስ ነው። ገና ከጠነከረ ጥቂት ደቂቃ ይጨምሩለት።

ከዚያ ማጠብ ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ስሠራው ሁለት ጊዜ አጥቤ ይበቃል አልኩና ወጡ በሙሉ ሳሙና ሳሙና አለ፤ ሥጋውም መረቁም አብሮ ተበላሸ። አሁን ውኃው ጠርቶ የሳህኑ ታች እስኪታይ ድረስ፣ አምስትና ስድስት ጊዜ፣ ፍሬውን በመዳፎቼ መካከል እያሸሁ አጥባለሁ። የገለፈቱ ከፊል ይሄዳል፣ አሰሩም በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ የሚገኘው ኒያሲን ግን ከሚጠፋው አሰር ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ አሰሩን ቦሎቄው ይተካዋልና።

ኔሽጂዢ የሚጠቀም ሰው ይህን ሁሉ አያደርግም፤ ታጥቦ በንጹሕ ውኃ ማደሩ ይበቃዋል።

ድስቱ ላይ

ለስድስት ሰው፦ የተዘጋጀው 300 ግራም በቆሎ፣ ስቡ የተነሣለት 500 ግራም የበግ ሥጋና ጥቂት አጥንት፣ አድሮ ውኃው የተደፋ 150 ግራም ቦሎቄ፣ 400 ግራም ዱባ፣ አንድ መካከለኛ ሽንኩርት፣ በእሳት የተጠበሱና የተላጡ ሦስት ትላልቅ አረንጓዴ ቃሪያዎች፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው። ቦሎቄ በሁሉም ቤት አይገባም፤ ብዙ ዲኔዎች በቆሎና ሥጋ ብቻ ይበቃል ይላሉ። እኔ የምጨምረው ሦስቱ፣ በቆሎ፣ ቦሎቄና ዱባ፣ በዚያ ምድር ከጥንት ጀምሮ አብረው የተዘሩ አብረውም የተበሉ ስለሆኑ፣ በምግብ ይዘትም አንዱ የሌላውን ጉድለት ስለሚሞላ ነው። ቦሎቄ በቆሎ የጎደለውን ላይሲን በብዛት ይዟል፤ ቦሎቄ የሚያንሰውን ሚቲዮኒን የተባለ ሌላ የፕሮቲን መገንቢያ ደግሞ በቆሎ ይሰጣል። እናቶቻችን ንፍሮውን ከባቄላና ከቦሎቄ ጋር ሲደባልቁት የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ሥጋውንና አጥንቱን በ3 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ጥደው ሲፈላ አረፋውን ይግፈፉ። በቆሎውን ይጨምሩና ክዳኑን ገርበብ አድርገው በዝግታ እንዲንተከተክ ይተዉት። ቦሎቄውን ለብቻው ቢያንስ 10 ደቂቃ በኃይል አፍልተው፣ ውኃውን ደፍተው ከአንድ ሰዓት በኋላ ይቀላቅሉ። ለመብሰል በድምሩ ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ዊንዶ ሮክ፣ የናቫሆ ብሔር መዲና፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ የሚያበስል ሰው እንደሚያውቀው በእንዲህ ያለ ከፍታ ጥራጥሬ ትዕግሥት ይጠይቃል። መረቁ ሲጎድል የፈላ ውኃ ይጨምሩበት እንጂ ተደፍቶ በአዲስ አይተካ፤ ከሥጋውና ከእህሉ የወጣው ማዕድንና የቢ ቫይታሚን ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ሲቀር ስቡን በጭልፋ ገፍፈው ዱባውንና ሽንኩርቱን ይጨምሩ። ቃሪያውን የሚጨምሩት ከማውጣትዎ ጥቂት ደቂቃ በፊት ነው። ይህ ለጣዕም ብቻ አይደለም፦ በበቆሎና በቦሎቄ ውስጥ ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ብረትንና ዚንክን ይዞ አንጀት እንዳይወስዳቸው ያደርጋል። ቦሎቄውን ማሳደርና ውኃውን መድፋት ፋይቴቱን ይቀንሰዋል፤ ሥጋውም ሆነ በቃሪያው ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ የእህሉ ብረት ወደ ሰውነት እንዲገባ ይረዳሉ። ቫይታሚን ሲ ግን ረጅም ሙቀት አይችልም፤ ቃሪያውን ከመጀመሪያው የከተተ ሰው ጥቅሙን በሙቀት አባከነው።

ሳህኑ ውስጥ ያለው

የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የምግብ ይዘት ሠንጠረዥ የናቫሆ ምግቦችን በስማቸው መዝግቦ ይዟል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ቤት የራሱን ስለሚሠራ ከሠንጠረዥ ይልቅ የራስን ድስት ማስላት ይሻላል። ዘዴው ቀላል ነው፦ ጥሬው ከመግባቱ በፊት ይመዘናል፣ የእያንዳንዱ ይዘት ተደምሮ በሳህኑ ቁጥር ይካፈላል። ከላይ በሰጠሁት መጠን በቆሎው 1095፣ ሥጋው 650፣ ቦሎቄው 520፣ ዱባው 180፣ ሽንኩርትና ቃሪያው 100 ያህል ኪሎ ካሎሪ ይሰጣሉ፤ ድምሩ 2545 ነው። ለስድስት ሲካፈል አንዱ ሳህን ወደ 425 ኪሎ ካሎሪ፣ 28 ግራም ፕሮቲን፣ 9 ግራም አሰር፣ 7 ግራም ስብና 64 ግራም ካርቦሃይድሬት ይኖረዋል። ከፕሮቲኑ ከግማሽ በላይ የሥጋው ነው፤ ቫይታሚን ቢ 12 ሙሉ በሙሉ፣ ዚንኩም አብዛኛው የሚገኘው ከበጉ ነው።

ሥጋው ስቡ ሳይነሣለት ከገባ ሒሳቡ ይለወጣል፤ በአንድ ሳህን 10 ግራም ያህል ስብ ይጨመርና ካሎሪው ከ500 ያልፋል። ድስቱን ማታ ሠርቶ በማቀዝቀዣ ማሳደርና ጠዋት ከላይ የረጋውን ነጭ ሞራ በማንኪያ ማንሣት ከሁሉ የሚቀል መፍትሔ ነው።

በጾም የሚሠራው ሰው ሥጋውን ትቶ ቦሎቄውን 300 ግራም ቢያደርገው አንዱ ሳህን ወደ 400 ኪሎ ካሎሪ፣ 17 ግራም ፕሮቲንና 13 ግራም አሰር ይሰጠዋል። ቢ 12 አይኖረውም፤ ብረቱም ያለ ሥጋ እርዳታ ስለሚመጣ ቃሪያውን አለማስቀረት፣ ሻይና ቡናውን ደግሞ ከምግቡ አንድ ሰዓት ማራቅ ይጠቅማል።

አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው 2300 ሚሊ ግራም ገደማ ሶዲየም አለው፤ ለስድስት ሲካፈል ለአንድ ሳህን ከ400 ያንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ2000 ያልበለጠ ስለሆነ ይህ መጠን አያስፈራም፤ በታሸገ በቆሎ የሚሠራ ግን ጨው ሳይጨምር ይጀምርና በመጨረሻ ይቅመስ። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ቦሎቄው፣ ዱባውና መረቁ ፖታሲየም ስለሚበዛባቸው መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ይወስን።

ከጎኑ የሚቀርበው

ዛሬ ይህ ወጥ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው በዘይት ወይም በሞራ ከተጠበሰ የስንዴ ቂጣ ጋር ነው። የቂጣው መነሻ ያሳዝናል። በ1863 እና በ1864 የአሜሪካ ጦር የዲኔዎችን የበቆሎ ማሳ አቃጠለ፣ ካንየን ደ ሼይ በሚባለው የአሪዞና ሸለቆ የኮክ ዛፎቻቸውን ቆረጠ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችንም በእግር እየነዳ ዲኔዎች «ህዌልዲ» ወደሚሉት፣ በምሥራቅ ኒው ሜክሲኮ ወዳለው የግዞት ሥፍራ ወደ ቦስኬ ሬዶንዶ አጋዘ። እስከ 1868ቱ ውል ድረስ በዚያ የኖሩት በሚታደላቸው ዱቄትና በመሳሰለው ራሽን ነበር፤ የተጠበሰውም ቂጣ የተወለደው ከዚያ ዕጦት ነው ተብሎ ይነገራል። ስለዚህ ሰው ይህን ቂጣ ሲወድ በንቀት ማየት አይገባም፤ አያቶች የተረፉበት ምግብ ነው። ለዕለት ተዕለት ግን ከባድ ነው፤ 100 ግራሙ 300 ኪሎ ካሎሪ ያልፋል፣ ወጡ ውስጥ ካለው 64 ግራም ካርቦሃይድሬት ላይ ሌላ የተፈተገ ዱቄት ይጨምራል። የስኳር ሕመም በናቫሆ ምድር ብዙ ቤት ያንኳኳ በመሆኑ የብሔሩ ምክር ቤት በ2014 አንድ ሕግ አወጣ፦ ይዘታቸው ዝቅተኛ በሆነ ምግብና ለስላሳ መጠጦች ላይ ከመቶ 2 ተጨማሪ ግብር ጣለ፣ ከአትክልትና ፍራፍሬ ላይ ደግሞ የሽያጭ ግብሩን አነሣ።

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ወጡን ያለ ቂጣ፣ ቦሎቄና ሥጋው በዝቶ በቆሎው ቀንሶ ቢወስደው ይሻለዋል። ሙሉ ፍሬ ከቦሎቄ ጋር ሲበላ ከዱቄት ይልቅ ቀስ ብሎ ይፈጫል፤ ቢሆንም 64 ግራም ካርቦሃይድሬት ትንሽ አይደለምና ከምግቡ በኋላ ስኳሩን ለክቶ የራሱን ሰውነት መልስ ማየት አለበት። ከጎኑ የሚፈልገው ነገር ካለ ከሰማያዊ በቆሎ የተጋገረ ቂጣ፣ አመዱም አብሮ የሚበላበት፣ ከስንዴው የተሻለ አጣማሪ ነው።

የተረፈው ወጥ ከድስቱ ወጥቶ በሰፊና ጎድጓዳ ባልሆነ ዕቃ ቶሎ ይቀዝቅዝ፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ ከገባ ሦስት አራት ቀን ይቆያል። በቆሎው ሲያድር መረቁን ስለሚጠጣ በማግስቱ ወፍሮ ይገኛል፤ አንድ ብርጭቆ ውኃ ጨምረው በደንብ እስኪፈላ ያሙቁትና ቃሪያውን በዚያን ጊዜ እንደ አዲስ ይቁረጡበት።